የእማማ ይርጋነሽ ክኒን

ቢቸና፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አማቴ ለእማማ ይርጋነሽ፣
ሞጣ፤

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ደጅዎን አንኳኩቶ ይግባና ጉልበትዎን ይሳም። ወገብዎ እንዴት ነው? ዶሮዎችዎ፣ ጎረቤትዎ፣ የንስሐ አባትዎ እንዴት ናቸው? እኛ ቢቸና ያለን ሁላችን ደህና ነን። በሬው ደህና ነው። በቅሎዋ ደህና ናት። ትንሹ ስጦታው ጠግቦ እንደ ሽማግሌ ያገሳል። ልጅዎ ሥርጉትም ደህና ናት።

አሁን ቆመው እያነበቡ ከሆነ ይቀመጡ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እኔ ፋንታ፣ በገዛ እጄ። እስከ ዛሬ «ፋንታ እንዲህ ይላል» እያለች ስትጽፍልዎ የኖረችው ሥርጉት፣ እኔ ካልኩት ግማሹን እየጣለች የራሷን ግማሽ ስትጨምር እንደኖረች ማንበብ ስጀምር ነው የገባኝ። ከብቱን ስሸጥ እየዋልኩ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ገባሁና ይኸው በመስከረም ምስክር ወረቀት ተቀበልኩ። መምህር ባምላኩ «ፋንታ፣ በልጅነትህ ጀምረህ ቢሆን ዛሬ ሚኒስትር ነበርክ» አሉኝ። «መምህር፣ ሚኒስትርማ የበሬ ጥርስ ማየት አይችልም፤ ይቅርብኝ» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የከብት ደላላ ፊደል ምን ይሠራለታል ሲሉኝ የነበሩት አሁን ውላቸውን ይዘው እኔ ዘንድ ነው የሚሰለፉት። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ብዕር በእኔ እጅ ነው። ስልኩ እንደሆነ ከተቋረጠ ሰነበተ፤ የወንድምዎ ልጅ ምንይሉ በአይሱዙው ሲመላለስ ደብዳቤውን ያደርስልናል።

ባለፈው ገበያ የሆነውን ልንገርዎ። አንድ የደብረ ወርቅ ሰው የሰባች ጊደር ሊገዛ ዋጋ ተቆርጦ እጅ ሊመታ ነው። እኔ መሐል ገባሁና እጄን በታፋዋ ሥር ሰደድኩት። ትንሽ እብጠት አለች። ስጫናት ከቆዳው ሥር እንደ ደረቅ ቅጠል ትንኮሻኮሻለች። «ተዋት፣ ይቺ ነገ የለችም» አልኩት። ሻጩ በዱላ ሊለኝ ሰው ያዘው። በማግስቱ ጊደሯ ሞተች። አባ ጎርባ የሚሉት የከብት በሽታ ነው። ከጎኗ የታሰረችው አሮጊት ላም ግን፣ አንድ ሣር ጋጠው፣ ከአንድ ገንዳ ጠጥተው ሳለ፣ ምንም አልሆነችም። አባ ጎርባ እንዲህ ነው፤ ወጣቷን፣ የደላትን መርጦ ይጥላል፣ አሮጊቷን ዞሮም አያያት። ይህን ሁሉም ደላላ አውቃለሁ ይላል፣ በእጁ ዳስሶ የሚያገኘው ግን እኔ ነኝ። እጄ አይስትም። የደብረ ወርቁ ሰው እንደ መስቀል ሊሳለመው ምንም አልቀረው።

ሥርጉት ደግሞ ጡቴ ውስጥ አንድ ነገር አገኘሁ ትላለች። ስጦታውን ከወለድኩ ጀምሮ ነበረች ትላለች። ዳሰስኩላት፣ አተር ነው የምታክለው። ወተት ተቋጥሮ ነው። እርስዎም ጡትዎን እንደታመሙ ስለማውቅ፣ ያኔ ያደረጉትን ቢጽፉልን ብዬ ነው እንጂ የሚያስጨንቅ አይደለም።

አማችዎ ፋንታ
በራሱ እጅ ጻፈው


ሞጣ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአማቼ ለፋንታ፣

ፈጣሪ ቤትህን ከነበሬው ይጠብቅልህ። በሬውን ያስቀደምኩት አንተም ስላስቀደምከው ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፊደሎችህ ከጠላ ቤት እንደወጡ ሰዎች እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል፤ ቢሆንም ይነበባሉ። እኔ ከቄስ አባቴ ጉልበት ሥር ተቀምጬ እንዲህ ስጽፍ አምስት ዓመቴ ነበር። አይክፋህ። ሽበት ሳይጨርስህ መጀመርህ መልካም ነው።

ከሥርጉት እጅ ግን አንድ መስመር አጣሁ። ከደብዳቤህ ግርጌ ስሟን እንኳ ብታኖር ብዕርህ ያልቅ ነበር? በሚመጣው እሷ ትጨምርበት።

ስለኔ ከጠየቅህ፣ ዳንኩም አልልህ፣ ታመምኩም አልልህ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር ካንሰር ነው ብለው ነገሩኝ። ይቆረጥ አሉኝ፤ ይዤው የመጣሁትን ይዤው እቀበራለሁ ብዬ እምቢ አልኩ። ጥቂት ምርመራ አድርገው አንድ ክኒን ሰጡኝ። በየቀኑ አንድ እውጣለሁ። የዶሮ እንቁላል ያክል የነበረው ዛሬ ምስር አክሏል። እንደ ድመት ጡቴ ውስጥ ተኝቷል፤ እኔም አልቀሰቅሰው፣ እሱም አይቀሰቅሰኝ። አረሜን አርማለሁ፣ ቅዳሴ ቆሜ አስቀድሳለሁ። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው።

አሁን አንድ ነገር መልስልኝ። የሥርጉት በየትኛው ጡቷ ነው? በምክንያት ነው የምጠይቅህ። እንደምታውቀው ከማህፀኔ አላወጣኋትም። እናት አባቷ ሲሞቱባት፣ ገና ጥርሷን ሳትለውጥ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ጡቴን በማር ቀብቼ አጎረስኳት፤ የጡት ልጄ ሆነች። ያጠባኋት በግራው ነው። የታመምኩትም በግራው ነው። የባሌ ዘመዶች እስከ ዛሬ «የማር ልጅ» እያሉ ይስቁባታል፤ ማሩ ካለቀ ልጅነቷም አልቋል ይሉኛል። በየትኛው እንደሆነ ጻፍልኝ።

ይርጋነሽ


ቢቸና፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ይርጋነሽ፣

በግራው ነው።

ደስታዬ ሰላምታዬን ቀድሞት ወጣ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይኸው ሰላምታው፦ እግርዎ ከመሰናክል፣ ዓይንዎ ከሞራ፣ ማጀትዎ ከአይጥ ይጠበቅ።

ነገሩን የፈታሁት እኔ ነኝ። ልጅቱ ግራዎን ጠባች፣ እርስዎ በግራ ታመሙ፣ እሷም በግራ ታመመች። ደም ባይሆን ጡት ነው፤ ክፉውም ደጉም በዚያው ወርዷል። አንድ ሕመም ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱም አንድ ነው። ይህን ለማወቅ ባሕር ዳር መሄድ አያሻም፣ ጭንቅላት ነው የሚያሻው። ለመምህር ባምላኩ ብነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከአድናቆት ይመስለኛል።

አላሳከማትም እንዳልባል ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። ሲስተር ሰሎሜ የምትባል፣ ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ነርስ አለች፤ ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷ አይፈታም። ዳስሳ ዳስሳ፣ ብብቷን ሳይቀር ነካክታ፣ «ይህ በመርፌ ተወስዶ መመርመር አለበት፤ ዛሬውኑ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ልጽፍላችሁ» አለች።

«አማቴ ይኸው ሕመም አለባቸው» አልኳት። «ዘጠኝ ዓመት አብሯቸው ተኝቷል።»

«ስንት ዓመታቸው ነው?»

«ሰባ ሁለት።»

«ሥርጉት ሠላሳ አንድ ናት፣ የምታጠባም ናት። የሰባ ዓመት ሴት ካንሰርና የሠላሳ ዓመት ሴት ካንሰር ብዙ ጊዜ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት። የትልቋ ይዘገያል፣ የወጣቷ ይሮጣል።»

«ሲስተር፣ ሕመም መታወቂያ ይጠይቃል እንዴ?» አልኳት። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። አንዲት የምታምጥ ሴት ሳይቀር ሳቀች።

«ይጠይቃል» አለችኝ፣ ሳትስቅ።

ወረቀቱን ጻፈችው፤ ኪሴ ውስጥ አለ። ግን እማማ፣ አንድ ጊዜ እዚያ ከገባች ቆርጠው ነው የሚሰዷት። እኔ ደግሞ አንድ ቀንድ ያላት ላም አትግዙ እያልኩ ሰው የምመክር ሰው ነኝ። ገበያው ምን ይለኛል? ለሥርጉትም ይህንኑ ነገርኳት። «እውነትህን ነው» አለችና ወደ ማጀት ገባች።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ከክኒንዎ እንዲያካፍሉን ነው። እብጠቷ አሁን ባቄላ አክላለች፤ በእርስዎ ክኒን ግን ምስር ትሆናለች።

ብዕሩን ስጠኝ ብላኝ ነበር። «የምትይውን ንገሪኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አልኳት። «ምንም» አለች። ስለዚህ ሥርጉት ምንም ብላለች።

አማችዎ ፋንታ
የማታው ክፍል አንደኛ


ሞጣ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋንታ፣

የአብርሃም ቤት በረከት ቤትህን ይሙላው። ከዛሬ ጀምሮ አማቼ ሳይሆን ልጄ እልሃለሁ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ አጣጥፌ በመቀነቴ ያዝኩና የማርያም ማኅበር ቀን ወጣሁ። የባሌ እህት እፀገነት እንደልማዷ «የማር ልጅሽ እንዴት ናት?» አለችኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ደብዳቤህን ፈታሁና ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ የግራውን ጡት ስደርስ ደግሜ አነበብኩት። «ማሩ ብቻ አይደለም የወረደው፣ እኔ ራሴ ወርጄላታለሁ» አልኳት። ጠላዋን እንኳ ሳትጨርስ ሄደች። ሽማግሌ መስክሮ ያላመኑትን ሕመሙ መሰከረላቸው። ፋንታ፣ ከዚህ በኋላ ብሞት ግድ የለኝም።

ካለኝ ክኒን ግማሹን ከፍዬ ሰድጃለሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ትዋጥ። እኔ አንድ ቀን እየዘለልኩ እውጣለሁ፤ የኔው ለምዷል፣ አይነቃብኝም። የነርሷን ወረቀት እኪስህ ተወው። እነሱ ሰው ላይ የበቀለውን ሁሉ መቁረጥ ነው የሚያውቁት።

ሥርጉት ግን በራሷ እጅ ትጻፍልኝ። ምንም ካለችም ያን «ምንም» በራሷ ፊደል ልየው።

ይርጋነሽ፣ የሥርጉት እናት


ቢቸና፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ ለእማማ ይርጋነሽ፣

ጥምቀትን በሰላም ያሳለፈዎ አምላክ ዳግመኛም ያድርስዎ። እኔ ታቦት ሸኝቼ፣ ለሽማግሌዎች ወግ ነግሬ፣ አስቄ ገባሁ። ሥርጉት እቤት ዋለች። ይደክማታል።

ክኒኑ ደርሶ እየዋጠች ነው። እኔ ነኝ የምሰጣት፤ ጠዋት ውኃውን ይዤ ከፊቷ እቆማለሁ። ለጊዜው ትንሽ ጨምራለች፤ ብጉንጅም ከመፍረጡ በፊት ያብጣል። ቆዳው ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ መስሏል፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ። «በዚህ ወር ብርቱካን ከየት አመጣሽ?» አልኳት። ድሮ ቢሆን ትስቅ ነበር።

ስጦታው የግራውን ጡት እምቢ ብሏል። ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል፣ ቀኙን ይፈልጋል። የደላላ ልጅ ነው፣ ገና ጥርስ ሳያወጣ ይመርጣል። ይህን ለሲስተር ሰሎሜ ብነግራት ትስቃለች ብዬ ነበር። ባለፈው ሳምንት እቤት ድረስ መጥታ ነበር እኮ፤ በእግሯ፣ ማንም ሳይጠራት።

«ልጁ ጡቱን እምቢ ያለው ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከገና ወዲህ» አለች ሥርጉት።

«ባሕር ዳር ለምን አልሄዳችሁም?»

«መድኃኒት ጀምራለች» ብዬ እሽጉን አሳየኋት። ገልብጣ አየችውና ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። «ይህን ማን አዘዘላት? ዓይነቱ ሳይታወቅ? የምታጠባ ሴት?»

«እናቷ» አልኳት። «ከእናት የሚበልጥ ሐኪም ካመጣሽ አሳዪኝ።»

ሥርጉትን ብቻዋን ላናግራት አለች። «እኔ ቤት ውስጥ ጓዳ የለም፣ ሁሉም ሳሎን ነው» አልኳት። ሄደች። ሥርጉት እስከ በር ሸኘቻትና እዚያው ቆማ ቀረች።

ሌላ ክኒን ይጨምሩልን፤ ይህ ሊያልቅ ነው።

ፋንታ
የማይስት እጅ


ሞጣ፣ የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፋንታ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን።

ባሕር ዳር ሄጄ ክኒኔን ይዤ ተመለስኩ። ሐኪሙን ስለ ሥርጉት ጠየቅሁት። ብዙ አወራ። ወጣት ነው፤ ወጣት ያወራል። እኔም ለማኅበሩ ሰው የተናገርኩትን ተናግሬያለሁ፤ ደጃቸው ዞሬ የምመልሰው ነገር የለኝም።

የሰደድኩልህ ካለፈው ያንሳል። የኔም መብላት፣ ማሳከክ ጀምሯል።

ብብቷን ዳስሰህ የምታገኘውን ጻፍልኝ። ስለ ብርቱካን አትጻፍልኝ።

ይርጋነሽ


ቢቸና፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ይርጋነሽ፣

ጾሙን የብርታት ያድርግልዎ። አጭር ደብዳቤ ጻፉልኝ። እኔ ረጅም የምጽፍ ሰው አጭር ሲደርሰኝ ልብሴ ያጠረብኝ ይመስለኛል።

ብብቷን ዳሰስኩ። አለ። አንድ አይደለም፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ነው። ጡቷ ላይ ያለው እንቁላል አክሏል፤ እርስዎ ሲጀምርዎ እንቁላል ያክል ነበር ብለው የለ? እንግዲህ እርስዎ የጀመሩበት ላይ ደርሳለች ማለት ነው፤ ከዚህ ወዲያ መውረድ ነው። በቶሎ እንድትወርድ በቀን ሁለት ሁለት እየሰጠኋት ነው። ማታ ማታ ታስላለች። ጉንፋን ነው።

ሐኪሙ አወራ ያሉትን ምን እንዳወራ አልጻፉልኝም። እኔ ፊደል ባላውቅ ኖሮ አይገባኝም ነበር፤ አሁን ግን ያልተጻፈም ይታየኛል።

ባሕር ዳር ወስጃት ብመጣ የሚለው ሐሳብ ለእኔም መጥቶልኝ ነበር። ግን ለፋሲካ የሚታረደውን ከብት ሰዉ ጾም ነው ብሎ ሲያንቀላፋ አሁን ነው የምይዘው። ከፋሲካ ማግስት እንሄዳለን አልኳት። «እሺ» አለች። ደግ ሴት ነች፤ በዚህ በኩል አልተሳሳትኩም። ልጁንም ከጡት አስጥላዋለች፤ ገንፎ ስታጎርሰው ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

«ፋሲካ መቼ ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች። ሁዳዴ ሲረዝምባት እንዲህ አይቼ አላውቅም፤ ሥጋ አምሯት ነው ብዬ ለጓደኞቼ ነግሬ አሳቅኳቸው።

አማችዎ ፋንታ


ሞጣ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋንታ፣

ሰላምታውን ተወው። ሐኪሙ ያለኝን እጽፍልሃለሁ፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

«እማማ» አለኝ፣ «የእርስዎ ካንሰር በር አለው። በሴት ደም ውስጥ ሆርሞን የሚባል ነገር ይዞራል። በእርስዎ ዕድሜ፣ የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሚመጣው ካንሰር አብዛኛው በዚያ በር ሆርሞኑን እያስገባ እየበላ ነው የሚያድገው፣ ቀስ ብሎ። ክኒንዎ በሩን ይዘጋበታል። እናም ተርቦ ተኛ እንጂ አልሞተም።»

«የልጄስ?» አልኩት።

«በወጣቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ ያ በር ጨርሶ የለውም። በር በሌለበት ዘበኛ ቢያቆሙ ምን ይጠብቃል? ክኒኑ ለእሱ ውኃ ነው፣ እሱ ደግሞ በፍጥነት ይባዛል። በቅርብ ለወለደች ይብሳል። ጡቷ ለወተት ብሎ ራሱን ይሠራል፣ ኋላ መልሶ ያፈርሳል፤ በዚያ ግርግር ሕመሙ የተከፈተ መንገድ ያገኛል። በዚያ ላይ የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ወተት ሲሞላው እብጠቱ ይደበቃል፤ ሰው ሁሉ ወተት ነው እያለ ይቆያል። የወጣት ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። በር ያለው የሚገኝባትም አለች፣ ያቺንም ክኒኑ ይረዳታል። ግን በመርፌ ተወስዶ ሳይታይ ማን ያውቃል? በር ለሌለው በደም ሥር የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለ፤ እሱ የሚሮጠውን እየሮጠ ይይዘዋል። ሳይበተን ከደረስንበት።»

«የጡት ልጄ ናት» አልኩት። «በማር ነው ያጠባኋት። የኔ ነው የወረደባት።»

«ካንሰር በወተት አይወርድም» አለኝ። «በማርማ ጭራሽ።» ፈገግ አለ። ሊያጽናናኝ ነው።

ይህን የነገረኝ በጥር መጨረሻ ነው። ያኔ ለምን እንዳልጻፍኩልህ አትጠይቀኝ። እኔም የነርሷ ወረቀት ኪስህ ውስጥ ለምን እንደከረመ አልጠይቅህም።

ክኒኑን ዛሬውኑ አቁም። ይህ ደብዳቤ እጅህ እንደገባ የምንይሉ መኪና ላይ ጫናት። ፋሲካን አትጠብቅ። እኔ ሞጣ መንገድ ዳር እቆማለሁ፤ ባሕር ዳር ይዣት የምገባው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወጥቼ እቆማለሁ።

ይርጋነሽ


ቢቸና፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ይርጋነሽ፣

የመጋቢቱ ደብዳቤዎ ከፋሲካ በኋላ ደረሰኝ። መንገዱ ተዘግቶ ምንይሉ መኪናውን አቁሞ ሲቀመጥ፣ በእግሩ ለሚሄድ የመርጡለ ማርያም ዲያቆን ሰጥቶት ነው። በየጠዋቱ መንገድ ዳር ሲቆሙ እንደከረሙ ዲያቆኑ ነገረኝ።

የሞጣው መንገድ ስላልተከፈተ በሌላው በኩል ደብረ ማርቆስ አስገባኋት። በመርፌ ወሰዱ። ፎቶ አነሷት። ሐኪሙ ፎቶውን ብርሃን ላይ ሰቅሎ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህም እያለ በብዕሩ ጫፍ አሳየኝ፤ ሳንባዋ ላይ፣ ጉበቷ ላይ። እኔ የከብት ጉበት እንጂ የሰው ጉበት አይቼ አላውቅም። «መቼ ነው ያያችሁት?» አለኝ። «አተር ሳለ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አስቂኝ ነገር የተናገርኩ መሰለኝ፤ ግን የሚስቅ አልነበረም።

ውጤቱ በግንቦት መባቻ መጣ። እርስዎ የጻፉትን በር ጠየቅሁት። «የለውም» አለኝ።

መድኃኒቱን አንድ ጊዜ በደም ሥሯ ሰጧት፣ አልቻለችውም። ወደ ቤት ውሰዳት አሉኝ። ሲስተር ሰሎሜ የሕመም ማስታገሻ ይዛ እየመጣች ትወጋታለች። እኔን አታናግረኝም። በር ላይ ስንገናኝ ገለል እልላታለሁ፣ ታልፋለች።

ዛሬ ብዕሩን ሰጠኋት። ጣቷ አልያዘላትም። «ንገሪኝ፣ እኔ እጽፈዋለሁ» አልኳት።

«አንተ ያልኩህን አትጽፍም» አለችኝ። «ሰው ታስቅበታለህ።»

እንዳለችው እንደምጽፍ ማልኩላት። እንዲህ ነው ያለችው፦ «እማዬ፣ የአንቺን አልወረስኩም በላት። ይቅርታ አድርጊልኝ በላት።»

ሌላስ ምን ልጨምር ብላት፣ ምንም አለች።

መንገዱ ተከፍቷል ይባላል። ይምጡ።

ፋንታ


ሞጣ፣ ሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋንታ፣

አፈር ስናለብሳት ከጎንህ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ድንኳኑ ውስጥም እንዲሁ። ሰው ሐዘን ነው አለ። ስለዚህ በዚያ ያላልኩህን እዚህ እልሃለሁ።

እፀገነት እስከ ቢቸና ድረስ መጥታ አልቅሳለች። ደረቷን እየመታች «ምስኪኗ የማር ልጅ» ስትል ሰማኋት። 

እቤት ስገባ የጥቅምቱን ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩት፤ ያን ፊደሉ እንደ ሰካራም የተደጋገፈውን። ስለ ጊደሯ የጻፍከውን። አንድ ሣር ጋጡ፣ ከአንድ ገንዳ ጠጡ፣ ወጣቷን ጣለ፣ አሮጊቷን ዞሮም አላያት ብለሃል። ለደብረ ወርቁ ሰው የጊደሯን ታፋ ዳስሰህ ነገ የለችም አልክ። በዚያው ወረቀት ላይ፣ ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ፣ ሚስትህን ዳሰስክና ወተት ነው አልክ። ያቺን ጊደር የገደላት ሌላ ነው፣ የእኔን ልጅ የገደላት ሌላ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን እድሜ እንደሚለይ አንተ ከሐኪሙ በፊት ታውቅ ነበር። በራስህ እጅ ጽፈህ ሰደድክልኝ። እኔም በራሴ ዓይን አነበብኩት፤ የጠየቅሁህ ግን በየትኛው ጡቷ ነው ብዬ ነው።

ከጎኗ የታሰረችው አሮጊት ላም እኔ ነኝ።

አሁን የኔው ነቅቷል። ስዘል የከረምኩበትን ቀን ሁሉ ቆጥሮ ይዞብኛል፤ ምስር የነበረው ከለውዝ አልፏል። ባሕር ዳር ሳላቋርጥ ከዋጥኩ ተመልሶ ሊተኛ ይችላል ብለውኛል። እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ክኒን አጥሮኛል።

ሥርጉት ያልዋጠችው ተርፏል፤ አልጋዋ ራስጌ፣ ከመስኮቱ ሥር እሽጉን አይቼ ነበር። ለልቅሶ በመጣሁ ጊዜ ነው ያየሁት፤ ያኔ አፍሬ አላነሳሁትም። እሱን መልስልኝ። ለእሷ ውኃ ነበር። እኔ ላይ ይሠራል።

ለምንይሉ ስጠው። ደብዳቤ አትጨምርበት።

ይርጋነሽ